ጄኔራሎቹን ገድሎ አገር የጠበቀ የቱ ነው?

«መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ምንም ቢሆን አገሩን ይወድ ነበር፤ እርሱ እያለ አንድ ስንዝር መሬት አልተቆረሰም» የሚለው ሙግት ከአዲስ አበባ ሻይ ቤቶች አልፎ እኔ እስከ ተወለድሁባት አርብ ገበያ ድረስ ዘልቋል። ለዘመድ ለቅሶ ታች ጋይንት ወርጄ ሳለሁ፣ ደርግ ሲወድቅ ገና ያልተወለደ አንድ ወጣት ድንኳን ውስጥ ይህንኑ በድፍረት ሲናገር ሰማሁት። ዙሪያውን የተቀመጡት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። የለቅሶ ቤት ነውና እኔም ዝም አልሁ። ያን ዕለት የዋጥሁትን መልስ ዛሬ እጽፈዋለሁ።

መልሴ የሚጀምረው ከአንድ ጄኔራል ነው። ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በ1916 ዓ.ም. ገደማ ካርቱም ውስጥ ከኤርትራዊ ቤተሰብ ተወለዱ፤ ጣልያን ሲባረር ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከተመለሱት ወገን ሆነው ውትድርናን ያዙ። በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የሐረሩን ሦስተኛ ክፍለ ጦር አዝዘው «የበረሃው አንበሳ» የሚል ስም አተረፉ። ወሰን ተሻግረው እስከ ጠላት አገር ለመዝለቅ የነበራቸው ፍላጎት ግን ከቤተ መንግሥት ጋር አላስማማቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ምን አደረጉ? ከጦሩ አንሥተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል አደረጓቸው። ሹመት የተባለ ግዞት መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ሆኖም ጄኔራሉ ከነነፍሳቸው ቤታቸው ገቡ።

ዘውዱን ላመሰግን አይደለም የተነሣሁት። ነገር ግን የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.ን መፈንቅለ መንግሥት የመሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ እንኳ ችሎት ፊት ቆመው፣ ቃላቸውን ሰጥተውና ተፈርዶባቸው ነው የተሰቀሉት። ፍርዱ ይጣም ይምረር፣ ችሎት ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ሲወርዱ ደርግ ለጦሩ ስም ያለው፣ ለሕዝቡም የሚታመን ሰው ፈልጎ አማንን ሊቀ መንበር አደረገ። ሰውዬው ግን የማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነው መቀመጥ አልፈለጉም። የኤርትራን ጉዳይ በንግግር እንፍታው አሉ፤ ወደዚያው ሄደው ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው አነጋገሩ። ተጨማሪ 5,000 ወታደር ይዝመት ሲባል አይሆንም አሉ። የታሰሩት ባለ ሥልጣናት ያለ ፍርድ ይገደሉ የሚለውንም አልተቀበሉም። ሁለት ወር ያህል ቆይተው ሥልጣኑን ትተው ቤታቸው ገቡ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ቤታቸው በታንክ ተከበበ፤ እጅ አልሰጥም ብለው ሲታኮሱ ሞቱ። በዚያችው ሌሊት የቀድሞ ሚኒስትሮች፣ መሳፍንትና ጄኔራሎች ያለ አንዳች ችሎት ተረሸኑ፤ አማንን ጨምሮ የሟቾቹ ቁጥር 60 ተባለ።

እዚህ ላይ የሕንዱን ፊልድ ማርሻል ሳም ማኔክሾውን ሳላነሣ አላልፍም። ነገሩ ባዕድ አይደለም፤ የሐረር ጦር አካዳሚን በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ያቋቋሙትና መኮንኖቻችንን ያስተማሩት የሕንድ መኮንኖች ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ1971 ኢንዲራ ጋንዲ ጦሩ ወደ ምሥራቅ ፓኪስታን እንዲገባ በፈለጉ ጊዜ፣ ማኔክሾው ራሳቸው ደጋግመው እንደተናገሩት፣ «ጦሩ አልተዘጋጀም፤ ክረምቱም እየመጣ ነው» ብለው ፊት ለፊት እምቢ አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ አልረሸኗቸውም። ጊዜ ሰጧቸው፤ በታኅሣሥ ወር ጦርነቱ በ13 ቀን አለቀ፤ 93,000 ያህል ሰው ተማረከ፤ ባንግላዴሽ ተፈጠረች። ሰውዬው የፊልድ ማርሻል ማዕረግ ተቀብለው በ94 ዓመታቸው አልጋቸው ላይ ሞቱ። እኛ ዘንድ እምቢ ያለው ጄኔራል ቤት ታንክ ተላከ።

ከአማን በኋላማ ልማድ ሆነ። ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ። ስድስት ወር ሳይሞላ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። «ካራማራስ?» ትሉኛላችሁ። የካራማራን ጀግንነት አልነካም። ግን ያን ጦር ያዋጉት መኮንኖች ከየት መጡ? ከሐረርና ከሆለታ አይደለም እንዴ? በኋላ አንድ በአንድ የተበሉትስ እነርሱው አይደሉም?

የካቲት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ። ጠላት ፊት ለፊት ተሰልፎ ሳለ አዛዡን የገደለ መሪ ምን ይጠብቃል? አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ መጋቢት 8 ቀን የተጀመረው የሻዕቢያ ጥቃት በሦስት ቀን ውስጥ አፍአበትን ወሰደ፤ ዕዙ ፈረሰ፤ የሶቪየት አማካሪዎች ሳይቀሩ ተማረኩ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ በመጨረሻ ሲነሡና ሲከሽፍባቸው መርዕድ ንጉሤና አምሃ ደስታ ራሳቸውን ሰዉ፤ ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ በገዛ ወገናቸው ጦር ተገደሉ፤ በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። እንግዲህ ያን ሁሉ መቶ ሺህ ጦር ማን ያዝዘው? ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መሪው ወደ ዚምባብዌ ሲበር፣ ከኋላው የቀረው አዛዥ የሌለው ሠራዊት ነበር። ኤርትራ የሄደችው በዚህ መንገድ ነው፤ «አንድ ስንዝር አልተቆረሰም» የምትለው ወንድሜ፣ የሆነውን ቁጠረው።

አሁን ስለ ሽማግሌዎቹ ዝምታ ልናገር። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የጋይንት ገበሬ ልጁን ገበያ መላክ ፈራ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ፍየል ሊሸጥ በዓርብ ቀን ወጥቶ ከዚያችው ገበያ ታፈሰ። ፍየሏ ብቻዋን ወደ ቤት ተመለሰች። ጥቂት ሳምንት ሥልጠና ሰጥተው ወደ ሰሜን ላኩት፤ ከአፍአበት የተጻፈች አንዲት ደብዳቤ ደረሰችን፤ ሌላ አልደረሰም። አያቴ ደብዳቤዋን ማንበብ አትችልም ነበር፤ ሆኖም ቄስ በመጣ ቁጥር ታስነብባት ነበር። በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ጦር በእግሩ በየመንገዱ ሲመለስ ከነፋስ መውጫ በሚመጣው መንገድ ዳር ሰንብታ፣ የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ ጠየቀች።

ያ አጎቴ ፈሪ አልነበረም፤ ታሪኩ ዓይኔም ከሐዲ ስለ መሆናቸው ለሕዝብ የቀረበ ማስረጃ አላየሁም። አዛዡም ታዛዡም በአንድ ሰው ጥርጣሬ ነው ያለቁት። በ1999 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያን ሰው በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አድርጎ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዶበታል፤ ይግባኝ ሰሚው በቀጣዩ ዓመት ወደ ሞት ቅጣት ቀይሮታል። ፍርዱ የአሸናፊዎች ነው የምትሉኝ አላችሁ፤ ከዚያ ውስጥ እውነት ያለበት ነገር እንደማይጠፋ እቀበላለሁ። ታዲያ እርሱ ለአማን፣ ለተፈሪ፣ ለታሪኩ የሰጠው ችሎት የቱ ነበር?

በሚቀጥለው ለቅሶ ያ ወጣት ይህንኑ ቢደግም ዝም አልልም። ሽማግሌዎቹንም አንድ በአንድ፣ ከዚያ ገበያ ማን ማን እንደታፈሰባቸው፣ እርሱ ባለበት እጠይቃቸዋለሁ።