ዘር በስም በማይቆጠርበት አገር

በደቡብ ጎንደር ከምትገኘው መካነ ኢየሱስ ወጥቶ ዋሽንግተን ወይም ሲያትል የተቀመጠ ሰው ለልጆቹ ያወረሰው «የቤተሰብ ስም» ብዙ ጊዜ የአያቱ ስም ነው። የቪዛው ፎርም ሦስተኛ ስም ጠየቀ፤ የአያት ስም ተጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ ያ ስም በመንጃ ፈቃዱ፣ በባንክ ሂሳቡና በልጆቹ የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ረግቶ ቀረ። እዚያው ተወልዶ ያደገው ልጅ ታዲያ ስሙ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይፈልጋል። ምራቁን በብልቃጥ አድርጎ ለዘረ መል መርማሪ ኩባንያ ይልካል። ከሳምንታት በኋላ የሚደርሰው መልስ «ኢትዮጵያና ኤርትራ» ይላል። እስቴ አይል፣ ስማዳ አይል፣ ጋይንት አይል።

ልጁ መጠየቁ ደግ ነው። ነገር ግን በጉና ተራራ ዙሪያና ከዚያ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው አገር ዘር በስም ተቆጥሮ አያውቅም። የተቆጠረው በርስት፣ በጋብቻና በደብር ነው፤ ሲቆጠርም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም ነው። የዚህን አገር ሰው የዘር ሐረግ በአንድ ስም ወይም በአንድ የአባት መስመር መፈለግ ከዘመዶቹ የሚበዙትን ሳያዩ ማለፍ ነው።

ስሙ ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። ሁለት ወንድማማቾች አንድ የአባት ስም አላቸው፤ ልጆቻቸው በአያት ስም ይገናኛሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን በወረቀት ላይ ባዕዳን ናቸው። ሴቷ ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም፤ ስለዚህ እናትና ልጅ በአንድ ስም አይጠሩም። በዚያ ላይ አንድ ሰው ስሙ ብዙ ነው። ደብረ ታቦርን መናገሻው ያደረገው ሰው ሲወለድ ካሳ ኃይሉ ነበር፤ በፈረስ ስሙ አባ ታጠቅ ተባለ፤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ቴዎድሮስ ሆነ። ተራው ገበሬም ቢሆን ቤት ያወጣለት ስምና የክርስትና ስም አለው። በፍትሐት ጊዜ ካህኑ የሚጠራው የክርስትና ስሙን ነው፤ ጎረቤት የሚያውቀው ሌላውን ነው። የአንድ ሰው ስም በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሲገኝ የልጅ ልጆቹ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ሊያልፉት የሚችሉት ለዚህ ነው።

መንግሥት ይህን ለመለወጥ ሞክሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው ከአባቱ የሚወርሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጓል። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ዛሬም የልደት ምስክር ወረቀቱ የሚጠይቀው ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ብቻዋን አይደለችም። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1925 አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን በሕግ ከልክላ በአባት ስም መጠራቱን ጠብቃለች፤ እንዲያም ሆኖ ዜጎቿ ዘመዳቸውን የሚፈልጉበት እጅግ የተሟላ የትውልድ መዝገብ አላት። የቤተሰብ ስም አለመኖር ዘርን ከማወቅ አያግድም ማለት ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ በአይስላንድ በጽሑፍ ሲቀመጥ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን በሰው አእምሮ ውስጥ ነበር፤ በአእምሮ ያቆየውም ርስት ነው።

የርስት ሙግት ዘር ማስቆጠሩ የታወቀ ነው። ጠያቂው በዳኛና በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ከራሱ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፦ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅማያት፣ ምንዥላት፣ እንጅላት እያለ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ። ባላጋራው አንዷን ስም ይዞ «እሷ እኮ ሳትወልድ ሞታለች» ካለና ሽማግሌዎቹ ካጸኑለት ሐረጉ እዚያው ይበጠስ ነበር። ሐረጉ ቀና ከሆነ ግን ጠያቂው ከአቅኚው ልጆች በየትኛው በኩል እንደሚወለድ ይለያል፤ ድርሻውም በዚያ ልጅ ዕጣ ሥር ይታሰብ ነበር። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ወራሽ ነበረች። ስለዚህ የአንድ ሰው መብት በአባቱ እናት በኩል አንድ ደብር፣ በእናቱ አባት በኩል ሌላ ደብር ሊያደርሰው ይችል ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን ይህን ሥርዓት ከዓባይ ማዶ በጎጃም ደጋ ዳሞት በ1950ዎቹ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ አውጥቶታል። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር መብቱ በወንድም በሴትም እኩል የሚወርድ መሆኑና ሰው ሊጠይቅ ከሚችለው ርስት በእጁ የሚያስገባው ጥቂቱን ብቻ መሆኑ ነው።

ሴቶች በዚህ አቆጣጠር ውስጥ መኖራቸው ለወግ ያህል የተነገረ አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ በጎንደር ዘመን በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉትን የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜዎች ሲያጠና ሴቶችን በገዥነት፣ በሻጭነትና በአውራሽነት አግኝቷቸዋል። የዛሬው ሦስት ስም ያለው መታወቂያ ከእነዚህ ሴቶች አንዷንም አይጠራም።

እዚህ ላይ ሳይንሱ ምን ሊል እንደሚችልና እንደማይችል መለየት ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲወርድ ኖሯል፤ ዋይ የሚባለው ክሮሞሶምም እንዲሁ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱን ማስተያየት ይቻላል። የዘረ መል ተመራማሪው ብራያን ሳይክስ እ.ኤ.አ. በ2000 የራሱን ስም የሚጋሩ 48 ወንዶችን መርምሮ 21ዱ አንድ ዓይነት ዋይ ክሮሞሶም እንዳላቸው አገኘ። ከግማሽ የሚበልጡት ስሙን እንጂ መስመሩን አልተጋሩም ማለት ነው። ሌስተር ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የተገኘው የንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ አፅምም ከእናት በሚወረሰው ዘረ መል ከዛሬዎቹ ዘመዶች ጋር ሲገጥም፣ በአባት መስመር ዘመዶቹ ናቸው ከተባሉት ጋር ግን አልገጠመም። ስም ለዘመናት በረጋበት አገር እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ስም በየሦስት ትውልዱ በሚለወጥበት በእስቴ ወይም በስማዳ በአያት ስም ላይ የዘረ መል ታሪክ መገንባት መሠረት የለውም።

የአባት መስመር ብቻውን እንደማይበቃ ከአገራችን ታሪክ ጎላ ያለውን ማስረጃ የሚሰጠው ራሱ ዙፋኑ ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዘውዱ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተወላጅ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር የተወሰነ መሆኑንና ይህም ዘር ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ የሚወርድ መሆኑን ይደነግጋል። ይሁንና ንጉሠ ነገሥቱ ከሣህለ ሥላሴ የሚወለዱት በአባታቸው በራስ መኮንን እናት፣ በወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ በኩል ነው። ሐረጉ በሴት በኩል ስላለፈ የንጉሠ ነገሥቱ ዋይ ክሮሞሶም ስለ ሣህለ ሥላሴ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። በአገሩ አቆጣጠር ግን ማንም «በእናት ነውና አይቆጠርም» አላለም፤ ሕገ መንግሥት ሆኖ ተጻፈ እንጂ።

ከርስት ሌላ ዘር የሚያስቆጥረው ጋብቻ ነው። በዚህ አገር እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚዛመዱ አይጋቡም፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሁለቱም ወገን ትልልቆች ቁጭ ብለው ቤት ይቆጥራሉ። ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ሲወጣ በዚያ ደረጃ ያሉት ወላጆች 128 ናቸው፤ የአባት የአባት መስመር ከ128ቱ አንዱ ብቻ ነው። የዘረ መል ምርመራ ደግሞ እዚህ ርቀት ላይ ዓይኑ ይደክማል። ሦስት ትውልድ ወደ ላይ ወጥተው በቅድመ አያት የሚገናኙ ሰዎች በአማካይ ከዘረ መላቸው ከ100 ሦስት እጅ የሚሆነውን ይጋራሉ፤ ከአራተኛው ትውልድ ሲገናኙ ከ100 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ በሰባተኛው የሚገናኙት አብዛኞቹ የሚለይ ቅንጣት እንኳ አይጋሩም። ቤተ ሙከራው «ዝምድና የላችሁም» የሚላቸውን ሁለት ወጣቶች የጋይንት አዛውንት በስም ጠርተው ሊያዛምዷቸው ይችላሉ። በዚህ ርቀት ላይ የአዛውንቱ እውቀት ከመሣሪያው ይበልጣል።

ዘረ መል የሚበልጥበትም ቦታ አለ፤ እሱም እጅግ የራቀው ዘመን ነው። በጋሞ ደጋማ አገር በሞጣ ዋሻ የተገኘውና 4,500 ዓመት ያስቆጠረው ሰው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም የአገሪቱን ጥንታዊ ነዋሪዎች ለማወቅ መነሻ ሆኗል። ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት የሰሜኑ ሕዝብ ከአፍሪካ ውጭ ከመጣ ሕዝብ ጋር የተቀላቀለው ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ከ68 ብሔረሰቦች የተውጣጡ 1,214 ኢትዮጵያውያንን ያጠና ሥራ ታትሟል። እነዚህ ሁሉ ስለ ሕዝቦች ይናገራሉ፤ ስለ አንድ ቤት ግን አይናገሩም።

ቆጣሪው የዘለላቸውን ሰዎች በተመለከተም ሳይንሱ ትልቅ ውለታ ሊውል ይችላል። ርስት ለሁሉም አልነበረም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በአብዛኛው ባለርስት አልነበሩም፤ ስለዚህ ሐረጋቸውን በዳኛ ፊት የሚቆጥሩበት ምክንያት አላገኙም። ይባስ ብሎ «ዘራቸው ሌላ ነው» እየተባለ በክፉ ስም ተሰደቡ፤ ጋብቻ ተነፈጉ። በደቡብ ኦሞ በአሪ ሕዝብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቀጥቃጮቹና ገበሬዎቹ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውን፣ ልዩነቱንም የፈጠረው የቀጥቃጮቹ መገለልና በመካከላቸው ብቻ መጋባታቸው መሆኑን አሳይቷል። ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ጋፋት በሚገኝበት ደቡብ ጎንደር እንዲህ ያለ ጥናት ቢደረግ፣ ለዘመናት የተወራውን የሚያፈርስ ውጤት ይዞ እንደሚመጣ መገመት አያስቸግርም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ሲታወጅ የርስት ሙግት በአንድ ቀን ቀረ። ይህ ለብዙ ጭሰኛና ለርስት አልባው እፎይታ ነበር፤ ሙግቱም ብዙ ቤት ያራቆተ፣ ጉልበተኛው የሚረታበት ነገር ነበርና በናፍቆት የሚታሰብ አይደለም። ሆኖም አብሮት አንድ ነገር ጠፋ፦ ሐረግን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ለማስታወስ የሚያስገድደው ምክንያት። የቀረው ሰባት ቤት መቁጠር ነው፤ እሱም ቢሆን ወጣቱ ሁመራ፣ መተማና አዲስ አበባ ሄዶ ሲያገባ እየላላ ነው። ለማነጻጸር ያህል በዚያው በጋይንት የሚሰጠውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት፣ የቤተልሔምን ድጓና የዙር አምባን ዝማሬ መዋሥዕት ማንሳት ይቻላል። እዚያ ተማሪው ዛሬም ከመምህሩ ተቀብሎ ያስመሰክራል፤ ትምህርቱ ከማን ለማን እንደተላለፈ የሚታወቀውም ማስመስከሩ ስላልቀረ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የ25 ዓመት ጎልማሳ የነበረና ርስት ሲሟገት የሰማ ሰው በ2017 ዓ.ም. 75 ዓመት ሞልቶታል። ከእሱ የሚበልጡት በየዓመቱ እያለፉ ነው። ምራቅ በብልቃጥ መላክ የሚችል ይላክ፤ ግን ከመላኩ በፊት ያስብ። ታዋቂው የዘረ መል መርማሪ ኩባንያ ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ እ.ኤ.አ. በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ደንበኞቹ መረጃ ተዘርፎበት በ2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎቹን በየወረዳው አሰማርቶ የአዛውንቱን ቆጠራ በድምፅ ያስቀርጽ፤ ካህናቱ በመጻሕፍት ኅዳግ ያለውን የመሬት ጽሑፍ ፎቶ እንዲነሳ ይፍቀዱ። በውጭ ያለውም ልጅ ለክረምት ሲመጣ ደብተር ይዞ ይምጣ። የእያንዳንዱን ሰው የቤት ስምና የክርስትና ስም፣ ደብሩንና ርስቱ የነበረበትን ቦታ ይጻፍ፤ የእናቱንም ወገን ሳያስቀር እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይጠይቅ።