የፓናማ ቦይን በመርከብ ለማቋረጥ የትኛው ጉዞ ይሻላል?

የፓናማ ቦይ የካሪቢያንን ባሕር ከፓስፊክ ውቅያኖስ ጋር የሚያገናኝ፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የመርከብ መተላለፊያ ነው። መሐል ላይ ያለውን ኮረብታ እስከ ባሕር ወለል ድረስ ቆርጦ ማውረድ ስላልተቻለ መርከቡ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል። ሎክ የሚባሉት፣ ግዙፍ በር ያላቸው የኮንክሪት ገንዳዎች ውሃ እየሞሉ መርከቡን በሦስት ደረጃ 26 ሜትር ከፍ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ የቻግረስን ወንዝ በመገደብ በተፈጠረው በጋቱን ሐይቅ ላይ ይጓዛል፤ በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ በሦስት ደረጃ ይወርዳል። ውሃውን የሚገፋ ፓምፕ የለም። ከሐይቁ ወደ ገንዳዎቹ፣ ከገንዳዎቹም ወደ ባሕር የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው።

የሽርሽር መርከቦች ይህን መንገድ በሁለት ዓይነት ጉዞ ይሸጡታል። አንደኛው ከፊል ጉዞ ነው፤ መርከቡ ከካሪቢያን በኩል ወደ ጋቱን ሐይቅ ወጥቶ ጥቂት ይቆይና በገባበት በር ይመለሳል። ጉዞው አጭር ነው፤ ተሳፋሪውም ወደ ተነሣበት ወደብ ስለሚመለስ የአውሮፕላን ወጪው ይቀልለታል። ይሁን እንጂ ከቦዩ ዋና ነገር ያጎድላል፤ በተራራው መሐል የተቆፈረውን የኩሌብራን ቁርጥ፣ በፓስፊክ በኩል ያሉትን የፔድሮ ሚጌልንና የሚራፍሎሬስን ሎኮች አያሳይም። ሁለተኛው ከውቅያኖስ ወደ ውቅያኖስ የሚያሻግረው ሙሉ ጉዞ ነው፤ ይህን መሻገር የሚያህል ነገር ደግሞ ሌላ የለም። ጊዜና ገንዘብ የሚፈቅድለት ሰው ሙሉውን ጉዞ ቢመርጥ ይሻላል። ቦዩን ማቋረጥ ብቻውን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥያቄ መርከቡ በየትኞቹ ሎኮች ያልፋል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈቱት አሮጌዎቹ ገንዳዎች 33.5 ሜትር ስፋት አላቸው፤ ለእነሱ ልክ ተደርጎ የተሠራ ትልቅ መርከብ በግራና በቀኝ የሚተርፈው ቦታ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው። በሐዲድ ላይ የሚሄዱ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች መርከቡን በብረት ገመድ ወጥረው መሐል ለመሐል ያስኬዱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈቱት አዳዲሶቹ 55 ሜትር ይሰፋሉ፤ ሎኮሞቲቮቹ የሉም፣ ሥራውን ጎታች ጀልባዎች ይሠሩታል። ከሚጠቀሙበት ውሃም 60 በመቶውን መልሰው ጥቅም ላይ ያውሉታል፤ ይህ ትልቅ የምሕንድስና ሥራ ነው። የአንድ መቶ ዓመቱን ጥበብ በቅርብ ለማየት የሚፈልግ ግን በአሮጌዎቹ ሎኮች የሚያልፍ አነስ ያለ መርከብ መፈለግ አለበት። በጣም ትልልቆቹ መርከቦች እዚያ አይገቡም።

ኩሌብራ ላይ ማንም ተሳፋሪ ከደርብ መውረድ የለበትም። ተራራው የተሰነጠቀው በዚያ ነው፤ መሬቱ እየተናደ የተቆፈረውን ደጋግሞ ይሞላው ነበር። ቦዩን ለመቆፈር እ.ኤ.አ. በ1881 በጀመረው የፈረንሳዮች ሙከራ 22,000 ያህል ሰዎች አልቀዋል፤ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ በሠሩባቸው ዓመታት ደግሞ 5,600 ያህል ሞተዋል። ቢጫ ወባና ወባ ብዙዎቹን ፈጅተዋል። በአሜሪካኖቹ ዘመን አብዛኛው የጉልበት ሠራተኛ ከባርቤዶስ፣ ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጣ ጥቁር ሕዝብ ነበር፤ የሚከፈለውም ከነጮቹ በእጅጉ ያነሰ ነበር። መርከቡ ላይ ስለ ቦዩ ታሪክ የሚሰጠው ገለጻ እነዚህን ሰዎች ካላነሣ ጎደሎ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ዝናብ ስለማይበዛበት ይመረጣል። ዝናቡ ከመጠን በላይ ሲያንስ ግን ችግር አለ፤ አንድ መርከብ ሲያልፍ 200 ሚሊዮን ሊትር ያህል ጨው አልባ የሐይቅ ውሃ ወደ ባሕር ይፈስሳል፤ ስለዚህ ድርቅ ቦዩን በቀጥታ ይጎዳዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሐይቁ ሲጎድል በቀን የሚያልፉት መርከቦች ከ36 ገደማ ወደ 22 ወርደው ነበር።

ለቦዩ ሲባል ውድ በረንዳ ያለው ክፍል መከራየት አያስፈልግም፤ በረንዳ የሚያሳየው አንዱን ጎን ብቻ ነው። ከመርከቡ ፊት ያለው ክፍት ደርብ በሮቹ ሲከፈቱ፣ ውሃው ሲሞላና ሎኮሞቲቮቹ ሲሰለፉ ሁሉንም ያሳያል፤ ቦታ ለማግኘት ግን ማልዶ መነሣት ይጠይቃል።