ጥለቱን ገልብጡት!

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የጥለትን ስም የሚያወጣው ግን ነጋዴ ነው። ሄርማታ ገበያ የተሰቀለ ቀሚስ ቀና ብዬ ባይ፣ ሻጩ «የጎንደር ነው» አለኝ። ጎረቤቱ ያንኑ ጥለት «የዶርዜ» አለው። ገልብጬ ሳየው የጎንደርም የዶርዜም አልነበረም፤ የፋብሪካ ጥብጣብ በስፌት መኪና ተለጥፎበታል።

እኔን የሚያበሳጩኝ ሻጮቹ አይደሉም፤ እኛው «ባህል አዋቂ ነን» ባዮቹ ነን። ቀለም አይተን አገር እናድላለን። ቀይና ቢጫ ካየን ዶርዜ ብለን እንደመድማለን። ቀለም ግን ፋሽንና የክር አቅርቦት የሚቀያይሩት ነገር ነው። ከጨንቻ ተነስቶ ሽሮ ሜዳ የተቀመጠው የጋሞ ሸማኔ ደንበኛው ያዘዘውን ሁሉ ይሠራል። ሄርማታም በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (1878—1932 እ.ኤ.አ.) የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበር። ሸማ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ገበያ በመልክ ብቻ አገር መስጠት ድፍረት ነው።

አውሮፓውያን ክር በተጠቀለለባቸው ትናንሽ እንጨቶች ጠባብ ጥብጣብ እየሠሩ፣ እያጠማዘዙና እርስ በርሱ እያያያዙ የሚያወጡት ዳንቴል አላቸው። የሚላኑና የፍላንደርሱ እስከ መምታታት ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አዋቂ አበባውን ትቶ ጥብጣቡ እንዴት እንደተሠራና በምን እንደተያያዘ ይመረምራል። የፋብሪካ ጥብጣብ ተገዝቶ በመርፌ የተያያዘው በሩቁ ቢመሳሰልም የሚጠራው በሌላ ስም ነው። የስሎቬንያዋ ኢድሪያ ከተማ በ1876 እ.ኤ.አ. የዳንቴል ትምህርት ቤት ከፍታለች። እኛስ ጥለት ማንበብ የት እንማራለን?

መጀመሪያው ቀላል ነው፤ ገልብጡት። በእጅ የተሸመነ ጥለት ከሸማው ጋር በአንድ ድር ላይ ይወጣል፤ የባለቀለሙም ማግ አካሄድ ከጀርባው ይነበባል። የተለጠፈው ግን ጠርዙ ላይ ስፌት አለው። ከዚያም «የየት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ሠራው?» በሉ።

«ድሃ ምን ይልበስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ርካሹን ይልበስ፤ ማን ከለከለው? ግን በገዛ ስሙ ይሸጥ። እግሩን ጉድጓድ ከቶ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ የሚወረውረውን ሰው የጎዳው የጥብጣቡ መርከስ ብቻ አይደለም፤ ጥብጣቡ የእሱን ስም ለብሶ መሸጡ ነው። ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲሰድብ የኖረ አገር፣ ዛሬ የሸማኔውን ክብር ለፋብሪካ ጥብጣብ ሲያውስ ማየት ያሳፍራል።