መጽሐፍና አል-ሳሃፋ

ካርቱም የኖረ ኢትዮጵያዊ የሚኒባስ ረዳቱን ጥሪ አይረሳም፤ «ሳሃፋ ዘለጥ! ሳሃፋ ዘለጥ!» ዘለጥ አስፋልቱ ነው። አል-ሳሃፋ ደግሞ በከተማዋ ደቡብ ያለ ሰፈር ሲሆን፣ ትርጉሙ «ጋዜጠኝነት» ነው። ስሙን በዐረብኛ ፊደል ጽፎ ላየው ግን ሥሩ ጸ፣ ሐ፣ ፈ ሆኖ ይገኛል፤ የእኛው ጸሐፈ። መጽሐፍ፣ ጸሐፊ፣ ጽሕፈት ቤት፣ አያቶቻችን «መጣፍ» የሚሉትም ከዚሁ ይመዘዛሉ።

ታዲያ ቃሉን ማን ከማን ወሰደው?

ከግእዝ ሄደ የሚሉት ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ጀርመናዊው ቴዎዶር ኖልደከ በ1910 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ፣ የቁርኣን ጥራዝ የሚጠራበትን «ሙስሐፍ» ከግእዝ ብድሮች ቆጥሮታል። በግእዝ ጸሐፈ ሙሉ ግስ ነው፤ ዐረቦች ግን የሚጽፉት «ከተበ» ብለው ነው። (ያ ሥር በእኛ ዘንድ አንገት ላይ የሚታሰር ክታብና የጤና ጣቢያ ክትባት ሆኗል።) በ1505 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሊቅ አስ-ሱዩጢም አንድ ትውፊት መዝግበዋል። ቁርኣን በተሰበሰበ ጊዜ ስም ሲፈለግለት «ሲፍር» ቢባል አልተወደደም፤ የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ ኢብን መስዑድ በሐበሻ አገር ሙስሐፍ የሚሉትን መጽሐፍ ማየታቸውን ሲናገሩ ያ ስም ጸና ይላል።

ሌላው ወገንም በቀላሉ የሚረታ አይደለም። ትውፊቱ የተመዘገበው ከዘመናት በኋላ ነው። የዐረብ ሰዋስው ሊቃውንት ሙስሐፍን «ሱሑፍ የተሰበሰቡበት» ብለው ከራሳቸው ቋንቋ ይፈቱታል፤ ሱሑፍ፣ ማለትም ቅጠሎቹ፣ ራሱ በቁርኣን 8 ጊዜ ይገኛል። ከእስልምና በፊት የነበረው ባለቅኔ አል-ሙተለሚስ የራሱን ሞት ያዘዘ ደብዳቤ ተሸክሞ ተጓዘ የሚባልበት ተረክም ደብዳቤውን «ሰሒፋ» ይለዋል፤ ደብዳቤው የተጻፈው ደግሞ ከአክሱም ርቃ በምትገኘው በኢራቋ ሒራ ነው። በመካከል የመንም አለች፤ ሥሩ በደቡብ ዐረብ ጽሑፎችም ይታያል።

ድምፆቹ አንድ ለአንድ መግጠማቸው ክርክሩን አይፈታውም። ቃሉ የተወረሰም ቢሆን የተበደረም ቢሆን፣ ጸ፣ ሐ እና ፈ እንዲሁ ይገጥማሉ።

እኔ ሁለቱን ቃላት ለይቼ አያለሁ። ሙስሐፍ ከእኛ ዘንድ የተሻገረ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያ ፊደሉ በዐረብኛ ሙ፣ ሚ፣ መ እየተባለ መዋለሉ የእንግዳ ቃል ጠባይ ነው፤ በግእዝ ግን «መ» ጽኑ ነው። ሰሒፋን ግን ለዐረብ ምድር እተዋለሁ። ሳሃፋ ደግሞ የወጣው ከሰሒፋ እንጂ ከሙስሐፍ አይደለም። ስለዚህ ያ ሰፈር የመጽሐፍ ልጅ ሳይሆን የአክስቱ ልጅ ነው።