ከፀሐይ የቀደመው ብርሃን

በኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፍ ብርሃን የተፈጠረው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ፀሐይ የተፈጠረችው ግን በአራተኛው። ይህች የሦስት ቀን ልዩነት ስንቱን አሳቀች፣ ስንቱንስ አስጨነቀች! የሚስቀው ወገን «ፀሐይ ሳትኖር ማታና ጥዋት ከየት መጣ?» እያለ ጸሐፊውን ይዘብትበታል። የሚጨነቀው ወገን ደግሞ መጽሐፉን ከስሕተት ለማዳን ይሯሯጣል፤ አንዱን ቀን ሚሊዮን ዓመት ያደርገዋል፤ የመጀመሪያውን ብርሃን የሳይንስ ሊቃውንት «ታላቁ ፍንዳታ» ከሚሉት ጋር ያጋባዋል። እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ።

እንጀራዬ ቁጥር ነው። ቀን በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ገቢና ወጪ ሳስታርቅ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ግጥም እሞነጫጭራለሁ። ስለዚህ ሒሳብ የሚመረመርበትና ቅኔ የሚፈታበት ዓይን አንድ አለመሆኑን በየዕለቱ አያለሁ። በሒሳብ መዝገብ ላይ አልገጥም ያለ ቁጥር ጉድለት ነው፤ በቅኔ ውስጥ ግን አልገጥም ያለው ቃል ወርቁ የተቀበረበትን ቦታ ይጠቁማል። ሳቂውም ተጨናቂውም ዘፍጥረትን እንደ ሒሳብ መዝገብ ያነባሉ። አንዱ ጉድለት አገኘሁ ብሎ ይጮኻል፤ ሌላው ጉድለቱን ይሸፍናል። ሰሙን እየተናጠቁ ወርቁን ሁለቱም ረግጠውት ያልፋሉ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የእስክንድርያው ኦሪጀን በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፀሐይና ጨረቃ በሌሉበት ስለተቆጠሩት ቀናት ጠይቋል፤ ጠይቆም መጽሐፉን አልጣለም፤ ምሥጢር ፈለገበት እንጂ። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ስድስቱ ቀናት ሲያስተምር፣ ዕፀዋት ከፀሐይ ቀድመው መብቀላቸውን ለፀሐይ አምላኪዎች የተሰጠ መልስ አድርጎ ተርጉሞታል። የእኛም ሊቃውንት በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው ከ22ቱ ፍጥረታት መካከል ብርሃንን ከእሑድ፣ ፀሐይን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን ከረቡዕ ሲያስቆጥሩ ኖረዋል፤ አላፈሩበትም።

መጽሐፉን በየዘመኑ ሳይንስ ለመደገፍ የሚታትሩትም አንድ ታሪክ ቢያስታውሱ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ አዲሱን የሥነ ፈለክ ግኝት ለፍጥረት ምስክር አድርገው ተናገሩ። በዚህ ካልተደሰቱት አንዱ የታላቁ ፍንዳታን ሐሳብ ካመነጩት መካከል የሚቆጠሩት ቤልጂጋዊው ቄስ ዦርዥ ለሜትር ነበሩ። ነገ ሊሻሻል በሚችል ንድፈ ሐሳብ ላይ እምነትን መደገፍ ለእምነቱም ለሳይንሱም አይበጅም።

ታዲያ ወርቁ የት ነው? የአራተኛውን ቀን ታሪክ ቀስ ብለን እናንብብ። ጸሐፊው ፀሐይንና ጨረቃን በስማቸው አይጠራቸውም። ትልቁ ብርሃን፣ ትንሹ ብርሃን ብሎ ያልፋቸዋል፤ ከዋክብትንም በመጨረሻ ጣል ያደርጋቸዋል። ቃል አጥቶ ነውን? አይደለም። ትውፊታችን እንደሚለው ጸሐፊው ሙሴ ከሆነ፣ የሚናገረው ከግብፅ ለወጣ ሕዝብ ነው፤ ግብፅ ደግሞ «ራ» ለሚባለው የፀሐይ አምላክ ትሰግድ ነበር። ብዙ የዘመናችን ተመራማሪዎች እንደሚሉት በባቢሎን ምርኮ ዘመን የተጻፈ ከሆነም፣ ባቢሎን ፀሐይን «ሻማሽ» እያለች ታመልክ ነበር፤ የዕብራይስጡ የፀሐይ ስም «ሼሜሽ» ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። በየትኛውም መንገድ ብንሄድ የምንደርሰው ከአንድ ቦታ ነው፦ ነገሥታት የሚንበረከኩለትን አምላክ ይህ ጸሐፊ ስሙን ነፍጎ መብራት አደረገው፤ ቀንና ዘመን እንዲቆጥርም አገልጋይነት ቀጠረው። በአራተኛው ቀን ያስቀመጠውም ዐውቆ ነው። እንዲህ ያለ ድፍረት የተሞላበትን ጽሑፍ የሥነ ፈለክ ፈተና የወደቀ ተማሪ አድርጎ ማየት ምንኛ ድህነት ነው!

የዚህ ንባብ ፍሬ በእኛም ምድር በገንዘብ ላይ ታትሞ ይገኛል። የአክሱም ነገሥታት በቀደሙት ሳንቲሞቻቸው ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ያስቀርጹ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ምልክቱ ተነሣና መስቀል ተተካ። ሰማዩ ላይ ያሉት መብራቶች ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ከዙፋናቸው ወረዱ እንጂ።

ውድ አንባቢ፣ ነገሩ የጥንት ብቻ እንዳይመስልህ። ዛሬም «ፀሐይ ወጣለት» ስንል ሰውየው ሹመት ወይም ገንዘብ አገኘ ማለታችን ነው። ባለጊዜውን «ፀሐያችን» ብለን እናወድሳለን፤ በጠለቀ ጊዜም ዓለም ሁሉ የጨለመ ይመስለናል። ዘፍጥረት ግን ፀሐይ ሳትኖር ሦስት ቀን ብርሃን እንደነበረ፣ ሣሩም ዛፉም እንደበቀለ ይነግረናል። ሳቂው ይህን እንደ ስሕተት ሲቆጥረው፣ ተጨናቂው ሲያለሳልሰው፣ ለአምላኪ ሁሉ የተላከው ተግሣጽ ሳይሰማ ይቀራል። ፀሐይን የሚያህል ነገር መብራት ብቻ ከተባለ፣ ከፀሐይ በታች ያለው ሹመትና ገንዘብማ ምን ሊባል ነው?