ትእዛዝ ጽፎ መሄድ ብቻውን ሕክምና አይደለም

በውጭ አገር የሕክምና ትምህርት የምንከታተል ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በተገናኘን ቁጥር የምናነሣቸው ጉዳዮች የታወቁ ናቸው። የትኛው ፈተና እንደሚከብድ፣ ማን በምን ዘርፍ እንደሚቀጥል፣ አገር ቤት ስንመለስ የትኛውን መሣሪያ እንደምናጣ እናወራለን። ስለ ነርሶች ግን አናነሣም። ብናነሣም የሐኪሙን ትእዛዝ እንደሚፈጽሙ እጆች እንጂ እንደሚያስቡ ባለሙያዎች አድርገን አይደለም። ይህ ዝምታ ተራ ቸልተኝነት አይደለም፤ ከትምህርታችን አሰጣጥ የመነጨ አመለካከት ነው። ጉዳቱም የሚያርፈው በእኛ ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ በተኛው ወገናችን ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን አመለካከት በአንድ ተጨባጭ ጉዳይ አማካይነት ለመመርመር እንሞክራለን፤ ጉዳዩም በአውቶኖሚክ ነርቮች ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶችን የሚወስድ በሽተኛ አያያዝ ነው።

በቅድሚያ የሕክምና ተማሪ ላልሆኑ አንባብያን ነገሩን ግልጽ እናድርግ። አውቶኖሚክ የሚባለው የነርቭ ሥርዓት ያለ እኛ ትእዛዝ የሚሠራው ነው፤ በአማርኛ ራስ ገዝ ልንለው እንችላለን። ልብ የሚመታው፣ አንጀት የሚንቀሳቀሰው፣ ላብ የሚወጣው፣ የዓይን ብሌን የሚጠብበውና የሚሰፋው በእርሱ አማካይነት ነው። ሁለት ተቃራኒ ክፍሎች አሉት። ሲምፓቴቲክ የሚባለው በድንጋጤና በሩጫ ጊዜ የሚያይል ሲሆን ልብን ያፈጥናል፣ ብሌንን ያሰፋል፣ የአንጀትን ሥራ ያቀዘቅዛል። ፓራሲምፓቴቲክ የሚባለው ደግሞ በዕረፍት ጊዜ የሚያይል ሲሆን ልብን ያረጋጋል፣ ምራቅን ያበዛል፣ ምግብ እንዲፈጭ ያደርጋል። ነርቭ ለልብ መልእክት የሚያስተላልፈው በኬሚካል አማካይነት መሆኑን ኦቶ ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1921 በእንቁራሪት ልብ ላይ ባደረገው ሙከራ አሳየ፤ በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። መልእክተኛው ኬሚካል ከሆነ ደግሞ ሌላ ኬሚካል መንገዱን ሊዘጋበት ወይም እርሱን መስሎ ሊሠራ ይችላል። ዛሬ ለደም ግፊት፣ ለአስም፣ ለልብ፣ ለዓይንና ለመርዝ የምንሰጣቸው ብዙ መድኃኒቶች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

የእነዚህ መድኃኒቶች ልዩ ጠባይ ወደ አንድ የሰውነት ክፍል ብቻ የማይሄዱ መሆናቸው ነው። ደረትን የሚያደርቀው መድኃኒት አፍንም ያደርቃል፣ ሽንትንም ይይዛል፣ ላብን ከልክሎ ሰውነትን ያግላል። ይህን ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የምንለው ተክል አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉትን ቅመሞች በውስጡ የያዘ ነው። የፍሬውን ጢስ ለጥርስ ሕመም የሚታጠኑ ወገኖቻችን፣ ሲበዛ ሰውን እንደሚያስቃዠውና እንደሚያስለፈልፈው አይተው ስሙን አስተናግር አሉት። ጥቅሙንም መዘዙንም በስሙ ውስጥ አኖሩት ማለት ነው። የዚህ ዓይነት መድኃኒት ትክክለኛ መጠን በወረቀት ላይ ብቻ አይገኝም፤ በሽተኛውን አጠገቡ ሆኖ በሚመለከት ሰው ዓይን ይወሰናል። የጽሑፋችንም መነሻ ይኸው ነው።

በገጠራችን ከሚያጋጥሙት ድንገተኛ አደጋዎች አንዱ የፀረ ተባይ መርዝ ነው። ገበሬው ያለ ጓንትና ያለ መሸፈኛ ይረጨዋል፤ ትርፉ በለስላሳ ጠርሙስ ተደርጎ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል፤ ተስፋ የቆረጠ ወጣትም እጁን ወደዚያው ይሰነዝራል። ማላታዮንን የመሳሰሉት ኦርጋኖፎስፌቶች አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ የሚያፈርሰውን ኤንዛይም ሥራ ያስቆማሉ። መልእክተኛው እየተጠራቀመ ሲሄድ ምራቅ፣ እንባ፣ ላብና ተቅማጥ ይበዛሉ፤ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል፤ የልብ ምት ይቀዘቅዛል። ከሁሉም የከፋው ሳንባው በፈሳሽ መሞላቱ ነው። በሽተኛው በደረቅ መሬት እንደ ሰጠመ ሰው ይሆናል።

ማርከሻው ያው የአስተናግሩ ቅመም አትሮፒን ነው። ነገር ግን እንዴት ነው የሚሰጠው? ለአዋቂ ሰው በ2 ሚሊግራም ገደማ ይጀመራል። ከ5 ደቂቃ በኋላ በሽተኛው ይታያል፤ ለውጥ ከሌለ መጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይታያል። 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 16 እያለ ቢሄድ በ15 ደቂቃ ውስጥ 30 ሚሊግራም ይደርሳል። አንዱ አምፑል 1 ሚሊግራም የሚይዝ ከሆነ 30 አምፑል መስበር ማለት ነው። ደረቱ ከጠራ በኋላ እንደገና እንዳይሞላ ከጠቅላላው መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶው በየሰዓቱ በግሉኮስ ወይም በጨው ውኃ ይንጠባጠብለታል፤ በምሳሌያችን በሰዓት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ይሆናል። ለ12 ሰዓት ሌሊት ቢሰላ ከ36 እስከ 72 አምፑል ያስፈልጋል። መድኃኒት ቤቱ በሌሊት ዝግ የሆነበትን፣ አስታማሚው ወረቀት ይዞ ከተማውን የሚዞርበትን ሆስፒታል የሚያውቅ ሰው የዚህን ሒሳብ ትርጉም ይረዳል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በየ5 ደቂቃው የሚያየው ማነው? ተረኛው ሐኪም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ማዋለጃ ክፍልና ቀዶ ጥገና ይጠብቁታል። አልጋው አጠገብ የምትቀረው ነርሷ ናት። አምስት ነገር ትመረምራለች፤ ደረቱ በማዳመጫ ሲሰማ ጠርቷል ወይ? የልብ ምቱ በደቂቃ ከ80 በላይ ነው ወይ? የላይኛው የደም ግፊት ከ80 በላይ ነው ወይ? ብብቱ ደርቋል ወይ? ብሌኑ ከመርፌ ጫፍነት ወጥቷል ወይ? በሌላው በኩል የአትሮፒኑን መብዛት የምትጠብቀውም እርሷ ናት፤ በሽተኛው ቢቃዥ፣ ሰውነቱ ቢግል፣ የሆድ ድምፁ ቢጠፋ፣ ሽንቱ ቢያዝ መንጠባጠቡ ቆም ብሎ ቀንሶ መጀመር አለበት። የሚቃዠውን በሽተኛ «አበደ» ብሎ አልጋ ላይ ማሰር፣ ወይም «ርኩስ መንፈስ ያዘው» ሲሉ ዝም ብሎ መስማት ምልክቱን አለማወቅ ነው። በሌላ አነጋገር የበሽተኛው ሕይወት ያለው «አትሮፒን እንደ አስፈላጊነቱ» በሚለው ጽሑፋችን ውስጥ አይደለም። አስፈላጊነቱን በየ5 ደቂቃው የምትወስነው ሌላ ናት።

ሌሊቱ አለፈ ማለትም ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ደረቱ ጠርቶ መናገር የጀመረው በሽተኛ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ በድንገት ሊደክሙ ይችላሉ። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ አንገት ላይ ይታያል። «አባባ፣ እስቲ ራስዎን ከትራሱ ቀና ያድርጉ» ብላ በየጊዜው የምትጠይቅ ነርስ ምንም መሣሪያ ሳይኖራት አደጋውን አስቀድማ ታውቃለች። ይህን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ዕውቀትና፣ መልሱን ስትናገር የሚሰማት ሐኪም ነው። መርዙን በገዛ እጁ የጠጣ ከሆነ ደግሞ ሳይወቅሱ አጠገቡ ተቀምጦ ማነጋገርና ከመሰናበቱ በፊት የአእምሮ ሕክምና እርዳታ እንዲያገኝ ማድረግ የሕክምናው አካል ነው።

አስቸኳይ ባልሆነውም በኩል ሁኔታው ያው ነው። ፕሮፕራኖሎል የታዘዘለት ሰው ከእያንዳንዱ መጠን በፊት የልብ ምቱ ሊቆጠር ይገባል፤ አስም እንዳለበትም መጠየቅ አለበት፤ መድኃኒቱ የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላልና። የስኳር በሽተኛ ከሆነ ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቀውን የልብ መምታትና መንቀጥቀጥ መድኃኒቱ ይሸፍንበታል፤ ላቡ ግን ስለሚቀር «ሲያልብህ ዝም አትበል» ተብሎ ሊነገረው ያስፈልጋል። በድንገት ማቋረጥም ልብን ለአደጋ ያጋልጣል። ፆም ገባ ብለው ወይም ፀበል ሄደው መድኃኒታቸውን የሚተዉ ስንት ወገኖች አሉ! የሚቆጣቸው ሳይሆን አስቀድሞ «እማማ፣ ፆም ሲገባ ይንገሩን፤ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር እናስተካክልልዎ» የሚላቸው ሰው ነው የሚያስፈልጋቸው። ለደም ግፊት ሜቲልዶፓ የምትወስድ ነፍሰ ጡር ከአልጋ በድንገት ስትነሣ ራሷ ሊዞርና ልትወድቅ ትችላለች። ተኝታና ቆማ ግፊቷን መለካት፣ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ማስታወቅ፣ እግሯን አውርዳ ጥቂት ተቀምጣ እንድትነሣ ማስተማር የነርሷ ሥራ ነው። በእኛ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ እነዚህ ነገሮች «የጎንዮሽ ጉዳት» በሚል ርእስ በሁለት መስመር ያልፋሉ።

በዚህ አቋማችን ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚሰነዘሩ እናውቃለን። አንደኛው «ለነርስ መጠን የመጨመርና የመቀነስ ሥልጣን መስጠት አደገኛ ነው» የሚለው ነው። ይህ ተቃውሞ እውነታውን የዘነጋ ነው። በሌሊት ውሳኔው በእርሷ እጅ መሆኑ አልቀረም፤ የቀረው መመሪያውና ሕጋዊ ከለላው ነው። ከየት ተነሥታ እስከ የት ልትሄድ እንደምትችል፣ መቼ ሐኪም መቀስቀስ እንዳለባት በጽሑፍ ቢቀመጥ አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ዛሬ ግን በሌሊት የቀሰቀሰች ነርስ «ለዚህ ነው የጠራሽኝ?» ተብላ ትቆጣለች፤ ባትጠራና በሽተኛው ቢሞት ደግሞ ተጠያቂ ትሆናለች። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ነርሶች ጥቂት ናቸው፤ ለአንዲት ነርስ ይህን ያህል በሽተኛ ተሰጥቷት በየ5 ደቂቃው እንዴት ልታይ ትችላለች?» የሚል ነው። ይህኛው ክብደት ያለው ነው፤ በቃላት ብቻ ልንሽረውም አንችልም። መልሱ በመጀመሪያ ብዙ ነርሶች ማሠልጠን፣ መቅጠርና በሚያኖር ደመወዝ ማቆየት ነው። እስከዚያው ግን በአገራችን በየአልጋው ሥር የሚያድር አንድ ሰው አለ፤ እርሱም አስታማሚው ነው። ልብስ እንዲያጥብና መድኃኒት እንዲገዛ ብቻ እናዘዋለን። ትንፋሹ ሲንኮራፋ፣ ላቡ ሲመለስ፣ ንግግሩ ሲዛባ ነርሷን እንዲጠራ በሚገባው ቋንቋ ብናስተምረው ሁለት ዓይን እንጨምራለን። የመርዙን ልብስ እንዲያወልቅና በባዶ እጁ እንዳይነካውም መንገር እርሱንም ያድናል። ይሁን እንጂ አስታማሚው የነርስ ምትክ ሊሆን አይችልም፤ በእርሱ ተመካኝቶ የነርስ መደብ መታጠፍ የለበትም።

ነርስነትን ዝቅ አድርጎ ማየት ከታሪካችንም ጋር አይስማማም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የተማሩት ነርስነት ነበር፤ አገር ቤት ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣትነታቸው እስካረፉ ድረስ ሙያቸው ይኸው ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን እንዲሠሩ አድርጎ ለማሠልጠን ነበር። ስለዚህ በቡድን መሥራት ከውጭ የምንወስደው አዲስ ትምህርት ሳይሆን ራሳችን ጀምረን የዘነጋነው ልምድ ነው።

አሁን በምንማርበት በመካከለኛው ምሥራቅም ጉዳዩ አጠገባችን ነው። በየሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ሲታመሙ ሆስፒታል የሚገቡት ብዙ ጊዜ ያለ አስታማሚና ያለ ቋንቋ ነው። አፏ መድረቁን፣ ዓይኗ መደብዘዙን፣ ሽንቷ መያዙን ለነርሷ መናገር ያልቻለች በሽተኛ መድኃኒቱ በዝቶባት እንደሆነ በምን ይታወቃል? ላብን የሚያደርቅ መድኃኒት የምትወስድ ሴት በዚህ አገር የበጋ ሙቀት ጣሪያ ላይ ልብስ ስታሰጣ ብትውል በግለት ልትወድቅ እንደምትችል ማን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይነግራታል? ይህን ለማድረግ የምስክር ወረቀት እስክንይዝ መጠበቅ አያስፈልገንም።

ስለሆነም የሚከተሉትን ሐሳቦች ለውይይት እናቀርባለን። አንደኛ፣ የሕክምና ተማሪ የሆንን ሁሉ ቢያንስ ጥቂት የሌሊት ተራዎችን ሐኪሙን ሳይሆን ነርሷን ተከትለን እናሳልፍ፤ የምትመዘግበውን እንመዝግብ፤ የምትጠይቀውን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከነርስ ተማሪዎች ጋር ሆነን የአትሮፒን መከታተያ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ በአገር ቤት ቋንቋዎች እናዘጋጅ፤ ልምድ ባላቸው ነርሶችና ሐኪሞች ከታረመ በኋላም ወደ አገር ቤት ባልደረቦቻችን እንላከው። ሦስተኛ፣ በምንማርባቸው ከተሞች ለታመሙ ወገኖቻችን የሚያስተረጉሙ ተረኞች ዝርዝር እናውጣ፤ የበሽተኛን ምስጢር መጠበቅም የመጀመሪያው ደንብ ይሁን።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነጭ ልብስ ለብሰን የሕክምና ካርድ ላይ እንጽፋለን። የጻፍነው መድኃኒት አዳኝ ወይም ገዳይ የሚሆነው ግን እኛ ከክፍሉ ከወጣን በኋላ ነው። ያን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የምትቀረውን ባለሙያ ዛሬ ተማሪ ሳለን ካላከበርናትና ከእርሷ ካልተማርን፣ ያኔ ባለ ሥልጣን ሆነን እንማራለን ማለት ራስን ማታለል ነው።