ለአዲሱ የዓሣ ገንዳ ከማዳበሪያ በፊት ሚዛን

በቅርቡ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አዝኖ ወደ ቢሯችን መጣ። 50 ሊትር ያህል ውኃ በሚይዝ አዲስ የመስታወት ገንዳ ዓሦችና የውኃ ውስጥ ዕፅዋት ማኖር ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነበር። የዕፅዋቱ ቅጠል ቢጫ ሲሆንበት፣ ቤተሰቦቹ ለእርሻ ከገዙት ዩሪያ አንድ የሻይ ማንኪያ ወስዶ ውኃው ውስጥ ጨመረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓሦቹ አለቁ፤ ዕፅዋቱም አላገገሙም። «የትኛውን ማዳበሪያ መጨመር ነበረብኝ?» ሲል ጠየቀን። እኛ ግን የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ እንላለን፦ የጎደለው ምንድን ነው? ምን ያህልስ ነው?

እስቲ እናስላው። የሻይ ማንኪያው 5 ግራም ዩሪያ ይይዛል ብንል፣ ከዚህ ውስጥ 46 በመቶው ማለትም 2.3 ግራሙ ናይትሮጅን ነው። ይህም በ50 ሊትር ውኃ ውስጥ በሊትር 46 ሚሊ ግራም ይሆናል። ባክቴሪያዎች ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ሌሎች ባክቴሪያዎች ግን በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ መጠን እስኪራቡ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስድባቸዋል። በዚህ ላይ የውኃው ፒኤች ከ7 ወደ 8 ከፍ ሲል፣ ዓሣን የሚገድለው የነጻ አሞኒያ ድርሻ በአሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ስለሆነም ለማሳ የሚበጀው ዩሪያም ሆነ ዳፕ ለዓሣ ገንዳ መርዝ ነው።

ለመሆኑ ቅጠሉ ቢጫ የሆነው በረኀብ ነበርን? ላይሆን ይችላል። ለገንዳ የሚሸጡ ብዙ ዕፅዋት የሚያድጉት ቅጠላቸው ከውኃ በላይ ሆኖ ነው። ውኃ ውስጥ ሲተከሉ የቀድሞ ቅጠላቸውን አራግፈው ለአዲሱ ኑሮ የሚስማማ ቅጠል ያወጣሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መታየት ያለበት የሚረግፈው ቅጠል ሳይሆን የሚበቅለው ነው። አዲሱ ቅጠል ሥሮቹ አረንጓዴ ሆነው መካከሉ ቢገረጣ የብረት እጥረት ሊኖር ይችላል። የናይትሮጅን እጥረት ግን ከአሮጌው ቅጠል ይጀምራል።

ካርል ሽፕሬንግል ያመነጨውና ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው ሕግ እንደሚለው፣ የዕፅዋትን ዕድገት የሚወስነው ከሚያስፈልጋቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ያነሰው ነው። ማግ ላለቀበት ሸማኔ ድር ቢጨመርለት ጋቢው አያልቅም። በገንዳ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያንሰው ብርሃን ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ይህ ጋዝ በውኃ ውስጥ የሚሠራጨው በአየር ውስጥ ከሚሠራጭበት 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነውና። ይህ ባልተሟላበት ማዳበሪያ ቢጨመር የሚጠቀመው አልጌ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን በደንብ ካልተመገቡ ዕፅዋቱ በአልጌ ይሸነፋሉ የሚሉ አሉ። ብርሃኑ ብርቱ፣ ተክሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም የሚጨመር ከሆነ ክርክራቸው ያስኬዳል። ነገር ግን እነርሱም ቢሆኑ መጠኑን ለክተው ይሰጣሉ፤ በየሳምንቱም የውኃውን ግማሽ ይለውጣሉ። በ50 ሊትር ውኃ ውስጥ 0.8 ግራም ያህል ፖታሲየም ናይትሬት ብንጨምር ናይትሬቱ በሊትር በ10 ሚሊ ግራም ከፍ ይላል። ውኃውን ሳንለውጥ ይህን በየሳምንቱ ብንደጋግም፣ ዕፅዋቱም ምንም ባይወስዱ፣ በ10 ሳምንት 100 ይደርሳል። በየሳምንቱ ግማሹን ናይትሬት በሌለው ውኃ ብንተካ ግን 10፣ 15፣ 17.5፣ 18.75 እያለ ወደ 20 ይጠጋል እንጂ ከዚያ አያልፍም። በሁለተኛ ደረጃ የተማርነው የጂኦሜትሪ ዝርዝር ድምር ዓሣ የሚያድነው እንዲህ ነው።

ገንዳ ትንሽ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ በካናዳ ሐይቅ 226 የተባለውን ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በአንደኛው ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን፣ በሌላው ደግሞ ከእነዚሁ ጋር ፎስፈረስ ጨመሩ። በአልጌ የተሸፈነው ፎስፈረስ ያገኘው ወገን ብቻ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለውጠው ስላነጻጸሩ፣ መልሱ ከአውሮፕላን ላይ እንኳ በዓይን የሚታይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ መታየቱ የታወቀው እምቦጭም በንጥረ ምግብ በበለጸገ ውኃ በፍጥነት የሚራባ አረም በመሆኑ፣ ጉዳዩ ከአንድ ተማሪ ገንዳ እንደሚሰፋ ልብ ይሏል።

ስለሆነም ለአዲስ ገንዳ የምንመክረው ይህን ነው። ዓሦች ከመግባታቸው በፊት ዕፅዋቱና ባክቴሪያዎቹ ይደላደሉ። ብርሃኑ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይሁን። አዲስ ቅጠል ሲታይ ከላይ ከጠቀስነው መጠን በሩቡ ይጀመር። ዓሦች ከገቡ በኋላ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከምግባቸው ስለሚገኙ፣ ይበልጥ የሚታሰበው ለፖታሲየምና ለብረት ነው። ከሁሉ በላይ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ የተጨመረውም የታየውም በየቀኑ ይመዝገብ።

ያ ተማሪ አሁን ሁለት ማሰሮ ውኃ፣ በሁለቱም አንድ ዓይነት ተክል፣ በአንደኛው ብቻ የተለካ ማዳበሪያ ይዞ እንደገና ጀምሯል። ዓሣ ገና አላስገባም። የማስታወሻ ደብተሩ ግን አሥራ አንደኛ ገጹ ላይ ደርሷል።